ሥሩ የናኦል ነው

እህቴ ብርቄ የሞተችው አጋም ስትለቅም ነው። ሰው ጠይቆኝ እንዲህ ብዬ ስመልስ በትክክል የሰማ አይመስለውም። «አጋም? ያ እሾሃሙ? ልጆች የሚበሉት?» ይለኛል። አዎ፣ እሱ። ከአጋም ተነስቶ እስከ ሞቷ ድረስ ያለው ነገር ረጅም ነው፤ ቆሞ የሚሰማኝ አላገኘሁም። የምጽፈው ለዚህ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ከስልክ መልእክት በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ቃል ሲያጥረኝ ታገሱኝ።

ታላቄ ናት። እትዬ ብርቄ ነበር የምላት። የተወለድነው ሱሉልታ፣ ከተራራው ሥር ከሚያርሱ ሰዎች ነው። እሷ ቡራዩ አገባች፤ እኔ ለትምህርት ብዬ እሷ ዘንድ መጣሁና እዚያው ቀረሁ። አሁን ባጃጅ እነዳለሁ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

አጭር ነበረች፤ ትከሻዋ ግን ሰፊ። ከቤታችን ጀርባ የድንጋይ ካባ ነበር። ወንዶቹ በድጅኖ ይፈነቅላሉ፣ ሴቶቹ የተፈነቀለውን ተሸክመው ገልባጭ መኪና ላይ ይጭናሉ። እሷም ከሚጭኑት አንዷ ነበረች። ድንጋይ ከማንሳቷ በፊት ሁልጊዜ በመዳፏ መታ መታ ታደርገው ነበር፤ የምትታለብ ላም እንደሚያባብል ሰው። «ምን እያልሽው ነው?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን።

«ልወስድህ ነው፣ አትደንግጥ እያልኩት።»

ለሰው ሁሉ ስም ታወጣለች። እኔ «ቀጮ» ነበርኩ። አጠገባችን የሚኖሩትን ሽማግሌ፣ ኦቦ ደበላን፣ ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ ስላላቸው ከኋላቸው «ሬዲዮ» ትላቸዋለች። ሲመጡ ግን ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ ነው የምትጨብጣቸው። «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ደበላ። ዛሬ ምን ዜና አለ?» ትላቸዋለች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ከዚያ ካባው ድንጋዩ አለቀ ተባለና ተዘጋ። መኪናውም ማሽኑም ሄደ። ጉድጓዱ ቀረ። ክረምት ሲመጣ ውሃ ሞላው፤ ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ ውሃ።

ናኦል የብርቄ ልጅ ነው። አንድ ልጇ ነበር። በመስከረም ትምህርት ቤት ሊገባ ቦርሳ ተገዝቶለት፣ ቦርሳውን አዝሎ ቤት ውስጥ ይዞር ነበር። ኳሱ ወደ ጉድጓዱ ተንከባለለች፣ ተከተላት። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መጻፍ አልችልም።

አባቱ ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። ከለቅሶው በኋላ ሰበታ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ይሠራ ነበር፣ ከዚያ አልሠራም። እሷ ክፉ ስትናገረው አልሰማሁም። «ከዚህ በር ሲወጣ የሚያየው ጉድጓዱን ነው። አቃተው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

እሷ ግን አልሄደችም። ሊያጽናኗት የመጡ ሴቶች የእግዜር ሥራ ነው ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች። «እኔም ቆፍሬዋለሁ እኮ» ትላለች። «ድንጋዩ በዚህ ትከሻ ነው የወጣው። አውጥቼ አውጥቼ ለልጄ ቦታ አዘጋጀሁለት።» ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ።

አንድ ቀን እንደዚሁ ተቀምጠው ሳለ በድንገት፣ «እሺ ለቅሶው ይብቃ። አጥር ምን ይሁን?» አለች።

መጀመሪያ ሽቦ ዘረጋች። ሽቦውን ፈትተው ወሰዱት። የባሕር ዛፍ እንጨት አቆመች። ብርድ ነበር፣ እንጨቱ አንድ በአንድ የሰው ምድጃ ውስጥ ገባ። ምላሷን ስለማውቅ መንደሩን በስድብ ታጥበዋለች ብዬ ነበር። አልተሳደበችም። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቆማ የተነቀለበትን ቀዳዳ በእግሯ እየደፈነች፣ «ማንም የማይወስደው ነገር መሆን አለበት» አለች።

በሳምንቱ ሱሉልታ ሄድን። እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ ቤቱ የሌላ ዘመድ ነው፤ ከቤቱ በላይ ያለው ጭንጫ ተዳፋት ግን እንደ ድሮው አጋም ነው። በሬ እንኳ የማያርሰው፣ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ የቀረ መሬት። በጋውን ሙሉ ጠብታ ሳያገኝ አረንጓዴ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው። ልጆች ሆነን ከንፈራችን እስኪጠቁር የበላነው እዚያ ነው። ትናንሾቹን ከነአፈራቸው እየነቀለች በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለች። እጇ ተቧጨረ፤ ቅርንጫፉ ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተት ክንዷ ላይ ደረቀ።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ጆንያውን ሊያነሳ ሞክሮ እጁን መነጨቀ።

«እናት! ምንድን ነው እሱ?»

«ችግኝ።»

«ችግኝሽ ነከሰኝ እኮ!»

«ስለነካኸው ነዋ። ያልነካውን አይነካም።»

ሰው ሳቀ። ረዳቱ ተናደደ። «ከኋላ ይሁን ወይ ደግሞ የወንበር ይከፈልበት!»

«ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ» አለችው። «ጭን ላይ ለሚቀመጥ ልጅ አይከፈልም።»

እንደገና ተሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ጆንያውን ታቅፋ እስክንወርድ ድረስ አልተናገረችም። እሾሁ ቀሚሷን አልፎ እንደሚወጋት አይቻለሁ። አልተንቀሳቀሰችም።

የካባው ጠርዝ አፈር የለውም። በድጅኖ ስንጥቁን ታሰፋለች፣ ከቤት በባልዲ ያመጣችውን አፈር ትሞላለች፣ ችግኙን ታቆማለች። ችግኝ ባለቀባት ቦታ የበሰለ ፍሬ በመዳፏ ጨፍልቃ ዘሩን ስንጥቁ ውስጥ በጣቷ ትጠቀጥቃለች። ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን ተደግፈው ይመለከቷታል።

«ብርቄ! ሰው ጌሾ ይተክላል፣ ሰው ባሕር ዛፍ ይተክላል። አንቺ አገምሳ ትተክያለሽ?»

«ባሕር ዛፍ ቆራጭ አለው፣ ኦቦ። ጌሾም ቀጣፊ አለው። እሾህ ማን ይወስድብኛል?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ። «እሾህ የሚሰርቅ አላየሁም።»

አጋም ለማደግ አይቸኩልም። ግማሹ ደረቀ፣ እንደገና ተከለች። በመጨረሻ ግን ያዘ። ሰው ወገብ ደረሰ፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ እርስ በርሱ ተያይዞ ድመት የማያሳልፍ ሆነ። ሲያብብ ነጭ አበባው መንደሩን በመዓዛ ይሞላዋል። ወደ ቤታችን የሚታጠፈው ጥግ ላይ ያለው፣ የመጀመሪያው ችግኝ፣ ከሁሉ ወፍራም ነበር። ግንዱ የሰው ክንድ ያህላል። በዚያ ስታልፍ እንደ ድንጋዮቹ መታ መታ ታደርገው ነበር፤ እሾሁን አውቃ፣ በባዶው ቦታ።

አጥሩ ቢኖርም አላመነችውም። ማታ ማታ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ በራችን ላይ ቆማ ትጣራለች። «ገቡ?» ትላለች፣ ለመንደሩ በሙሉ። እናቶች ከየቤታቸው «ገብተዋል!» ይላሉ። አንዷ ካልመለሰች ስሟን ጠርታ ትደግማለች። መጀመሪያ ሰው ይስቅ ነበር፤ አንዳንዱ ይናደዳል፣ «ደግሞ ቆጣሪ መጣችብን» ይላል። ቀስ በቀስ ግን ለመዱት። እንዲያውም ሴቶቹ ድስት ሲጥዱ፣ «ብርቄ ሳትጣራ መብሰል አለበት» ይባባሉ ነበር።

ከዚያ አጋሙ አፈራ።

ይህን ማናችንም አላሰብነውም ብል እናንተ አታምኑኝም። አጋም እንደሚያፈራ የማያውቅ የለም። እሷ ግን ያየችው እሾሁን ብቻ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጉድጓዱ ጢም ብሎ በሞላበት ጊዜ፣ ፍሬው ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ባጃጄን አቁሜ ስገባ ቆማ አገኘኋት። ጉድጓድ መኖሩን የረሱ ልጆች፣ ከላይኛው መንደር ጭምር፣ አጥሩን ከበውታል። ከንፈራቸው ሐምራዊ ነው። በዚህ በኩል ያለውን ጨርሰው፣ ሁለቱ በዳር በኩል ሾልከው በዚያኛው ወገን፣ በጉድጓዱ ወገን፣ ቅርንጫፍ ይዘው ተንጠልጥለዋል። ቤቲ የምትባል የጎረቤት ልጅ አፏን ሞልታ፣ «እትዬ ብርቄ፣ እዚህ ያለው ይበልጣል!» አለቻት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይደነግጣሉ። ቀስ ብላ ሄደች፣ እጇን ዘረጋች፣ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ሁሉም ሲወጡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፊቷን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ቀጮ፣ ራሴ ጠራኋቸው» አለች። «ናኦልን ኳስ ነው የወሰደው። እነዚህን እኔ በጣፋጭ ጠራኋቸው።»

«እንቁረጠዋ» አልኳት።

«ቆርጠን ምን እናቁም? ሽቦ?»

ያን ማታ ስታስብ አደረች። ከዚያ ወዲያ ፍሬው በሚበስልበት ወቅት ልጆቹ ከመንቃታቸው በፊት ትነሳለች። የቀድሞውን የካባ ገመድ ወገቧ ላይ ታስራለች፣ ሌላውን ጫፍ በጥጉ አጋም ግንድ ላይ። በጉድጓዱ ወገን ገብታ እየተንጠለጠለች የዚያን ወገን ፍሬ አንድ ሳታስቀር ትለቅማለች። ከዚያ በራችን ላይ በሳፋ አቅርባ፣ «ኢጆሌ፣ ኮታ!» ብላ ትጠራቸዋለች። ልጆቹ ይንጋጋሉ። በጉድጓዱ ወገን የሚፈለግ ነገር ስለሌለ ማንም አይሄድም።

«ገመዱን ከድንጋይ ጋር ብታስሪው አይሻልም?» አልኳት አንዴ።

«ድንጋዩን ድሮ ፈንቅለን ፈንቅለን ላላ አድርገነዋል» አለች። «የዚህን ሥር ግን እኔ ነኝ የማውቀው። እስከ ታች ወርዷል።»

ስለ ሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በእኛ አገር የአጋም ሥር መድኃኒት ነው ይባላል። ሕፃን ሲያለቅስ፣ አልጠባ ሲል፣ ዓይን በላው ሲሉ፣ ያጥኑበታል፣ ትንሽ ቆርጠው በክር አንገቱ ላይ ያስሩለታል። አሮጌ ሥር ይበልጣል ይላሉ። ስለዚህ ሰው ሊለምናት ይመጣ ነበር። ለሁሉም የምትመልሰው አንድ ነው፦

«ፍሬው የሁላችሁ ነው። አበባውንም ቅጠፉ። ሥሩ የናኦል ነው።»

ቅር እያላቸው ይሄዳሉ። ንፉግ ሆነች ያሉ አሉ።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ የኦቦ ደበላ የልጅ ልጅ ታመመ። ገና የሚጠባ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ በግድግዳው ይሰማናል፤ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፣ እሱ ባሰ። ሽማግሌው መጡ። ያን ቀን ዜና አልጠየቀቻቸውም።

«ብርቄ፣ ከጥጉ ትንሽ ሥር ስጪኝ።»

«ጤና ጣቢያ እንውሰደው፣ ኦቦ። ቀጮ አሁን ባጃጁን ያስነሳል።»

«ወስደነዋል። የሚዋጥ ሰጥተውታል፣ ይተፋዋል። የቀረኝ ይህ ነው።»

«እሁድ ሱሉልታ ሄጄ የፈለጉትን ያህል አመጣልዎታለሁ። ከራሳችን ተራራ። ይህን ግን ይተዉልኝ፤ ልጆቹን የያዘልኝ እሱ ነው።»

ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን መሬት ላይ ወጉ። «ለሞተው ብለሽ ያለውን ትከለክይኛለሽ?»

ብርቄ መልስ ነበራት። ለሁሉም ሰው መልስ ነበራት። ለዚህ ግን «እሁድ» ብቻ አለች እንደገና፣ በቀስታ። ሽማግሌው ሳይሰናበቱ ወጡ።

እስከ እሁድ አልደረሰችም።

በማለዳ ባጃጅ ተራ ላይ ሳለሁ ቤቲ እየሮጠች መጣች። እጄን ይዛ ጎተተች። ስደርስ ሰው ጠርዙ ላይ ቆሟል። የጥጉ አጋም የለም። የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኗል፤ ቀይ አፈር፣ ከዚያ ውሃው። በካባው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ገመዱን አገኙትና ሳቡት። መጀመሪያ የወጣው አጋሙ ነው፤ ከነፍሬው፣ ግንዱ ላይ የተቋጠረው ገመድ ሳይፈታ። ከሱ በኋላ እሷ ወጣች።

ቋጠሮዋ አልተፈታም። ይህን የምደጋግመው ሰው ተንሸራተተች ስለሚል ነው። አልተንሸራተተችም። አጋሙ ተነቅሎ ነው። ሥሩን ሁላችንም አየነው። ዋናው ሥር የለም። በመጥረቢያ የተቆረጠበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። የቆረጠው ሰው አፈሩን መልሶ፣ ቅጠል በትኖበት፣ እንዳይታወቅ አድርጎ ነበር የሄደው። ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ነጠላውን አውልቆ አለበሳት።

ከቀብሩ በኋላ መንደሩ ስብሰባ ተቀመጠ። አጋሙ ሰው በላ፣ ይቆረጥ ያሉ ነበሩ። እኔ መናገር አልችልበትም፤ ተነስቼ «እሷ እያለች አልቆረጠችውም» ብዬ ተቀመጥኩ። ነገሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አንድ ጠዋት የኦቦ ደበላ ምራት ልጁን ታቅፋ ባጃጄ ላይ ወጣች። ወደ ጤና ጣቢያ፣ ለክትባት። በመስታወቱ አየሁት። ወፍሯል፣ ይስቃል። አንገቱ ላይ ጥቁር ክር አለ፣ ክሩ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ እንጨት። እሷ እንዳየሁ አየችና በነጠላዋ ሸፈነችው። እንባዋ መጣ። እኔ መንዳቴን ቀጠልኩ። ስትወርድ ሂሳብ አልተቀበልኳትም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በማግስቱ ኦቦ ደበላ በራችን ላይ ቆሙ። አልገቡም። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደፍ ላይ አስቀመጡ። የተረፈው ሥር ነው።

«ገበያ በሄደችበት ነው የቆረጥኩት» አሉ። «ምላሷን ፈርቼ አፈሩን መለስኩት። ገመዷን ግን... ገመዷን እዚያ እንደምታስር አላውቅም ነበር፣ ልጄ። ጎህ ሳይቀድ ነው የምትነሳው፣ እኔ አላየኋትም።»

«ልጁ ተሻለው?» አልኩ።

«ተሻለው።»

በሥሩ ይሁን በሚዋጠው አላውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም። ባይሻለው ኖሮ ምን እል እንደነበር ደግሞ ማሰብ አልፈልግም። ጨርቁን አንስቼ ገባሁ። በሩን አልዘጋሁትም፣ ይግቡም አላልኩ።

ከተነቀለው አጋም ላይ የቀረውን ፍሬ እሷ እንደምታደርገው ጨፍልቄ ዘሩን ቀዳዳው ውስጥ ቀበርኩት። ከሥሩ የተረፈውንም እዚያው። በነጋታው ከባጃጅ ስመለስ ቀዳዳው ላይ ሰው ተቀምጧል። ኦቦ ደበላ ናቸው፤ ድንጋይ ላይ፣ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው፣ ከዘራቸውን እንደ መወርወሪያ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ግራና ቀኛቸው አጋም ነው። ክፍት የቀረው ቦታ ልክ አንድ ሰው ይይዛል።

በየቀኑ ይመጣሉ። ጉሮሯቸውን ስለሚያማቸው ኮታቸውን እስከ አገጫቸው ይቆልፋሉ። አንድ ቀን ሳልፍ፣ «ስንት ዓመት ይፈጅበታል?» አሉኝ፣ ከዘሩ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። ዕድሜያቸውን አስቤ፣ «አላውቅም፣ እሷ ነበረች የምታውቀው» አልኳቸው።

ትናንት ፀሐይ ስትገባ ባጃጄን እያጠብኩ ነበር። ከእሷ ሞት ወዲህ በዚያ ሰዓት መንደሩ ጸጥ ይላል፤ ሴቶቹ ድስቱን ጥደው የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስላሉ። ከቀዳዳው በኩል የሻከረ ድምፅ ሰማሁ።

«ገቡ?»

ማንም አልመለሰም። ከየቤቱ የምድጃ ጭስ ይወጣል፣ በሮቹ ገርበብ ብለዋል፣ ሰው እንዳለ ይታወቃል። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገቡ?»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣልኩት። «ገብተዋል፣ ኦቦ ደበላ» አልኩ። «እርስዎም ይግቡ፣ ይበርዳል።»

አልተነሱም። እስኪጨልም እዚያው፣ በአጋሙ መካከል ተቀምጠው ቀሩ።